ክፍት የምትቀረው ሳህን

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ የጉልበታቸውን ራጅ በብብታቸው ይዘው፣ ደረጃውን እያነከሱ ወጡና በሬን አንኳኩ። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ባለው ኮንዶሚኒየም እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ ላይ ነን።

«ቶሎሳ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ራጅ ላይ አይደል የሠራኸው? እስቲ ይቺን እይልኝ።»

ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና አየሁላቸው። ጉልበት ነው። ከዚያ ያለፈ የማውቀው ነገር የለም።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«እሱማ እርጅና ነው ይለኛል።»

«እንግዲያው እርጅና ነው፣ እትዬ አልማዝ።»

ቅር ብሏቸው ወረዱ። አልፈርድባቸውም፤ ሥራዬ ከራጅ ጋር የተያያዘ ነው እያልኩ ያወራሁት እኔው ነኝ። የሰው ራጅ ግን አንስቼ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከባክቴሪያ የወጣ ፕሮቲንን ክሪስታል እንዲሆን ሳሳድግ ነው የኖርኩት፤ ራጅ የሚነሳው ክሪስታሉ ነው። ባለቤቴ ይህን ለሰው ማስረዳት ሲሰለቻት «ጨው ቤት ነው የሚሠራው» ትል ነበር። ከሱሪዬ ኪስ ጨው አራግፋ ስለማትጨርስ ብዙም አልዋሸችም።

በሽኝቴ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ዳይሬክተሩ ስሜን ሁለት ጊዜ አሳስተው ጠሩ። አንዲት አዲስ ተቀጣሪ አጠገቤ ተቀምጣ በቅንነት «ጋሼ ቶሎሳ፣ አሁን እኮ የፕሮቲኑን ቅርጽ ኮምፒውተሩ ቁጭ አድርጎ ይነግረናል። እናንተ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻላችሁት?» አለችኝ። አልተቀየምኩም። እውነቷን ነው፤ ሙያው ተለውጧል፤ ክሪስታል የሚያስፈልገውም ዛሬ ለአንዳንድ ነገር ብቻ እየሆነ ነው። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እንዴት ቻልነው? መልሱ አንድ ሰው ነው፤ ዶክተር ወይንሸት ናቸው።

ላፍቶ ነው የተወለድኩት፤ ያኔ ላፍቶ ገጠር ነበር። አባቴ ዛሬ ፎቆች በቆሙበት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣ ሲለኝ እዚህም እዚያም ተንከራተትኩና በሃያ ስድስት ዓመቴ ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም የብርጭቆ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ቀጭን ሴት ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆመው ያጠብኩትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው ሲያገላብጡ አየኋቸው። ውኃ ሞሉበትና ደፉት። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውኃ ስስ ሆኖ እኩል ይወርዳል፤ ቅባት ካለበት እዚህም እዚያም ጠብታ እየሆነ ይቀራል። የኔው እኩል ወረደ።

«ማን ነው ያጠበው?»

ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ እርጥብ እጄን ልብሴ ላይ ጠረግኩ።

«አንተ ነህ? በስንት ውኃ አለቀለቅከው?»

«በሰባት።»

«ማን ሰባት አለህ?»

«ማንም። በአምስት ሳለቀልቀው ሳሙናው ይሸተኛል።»

ዶክተር ወይንሸት ነበሩ፤ ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ ዓመት አልሞላቸውም። በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅደው ወደ ላቦራቶሪያቸው ወሰዱኝ። ንጽሕናዬ እንጀራዬ ሆነ። በኋላ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁትም በዚሁ በንጽሕናዬ ነው።

ሥራው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ዶክተር ወይንሸት የሚያጠኑት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ያለ እሱ መኖር የማይችለውን አንድ ፕሮቲን ነበር። ታላቅ እህታቸው በዚህ በሽታ ነው የሞቱት፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እየዋጡ፣ መድኃኒቱ እምቢ ብሏቸው። የፕሮቲኑ ቅርጽ በደንብ ከታየ አዲስ መድኃኒት የት ቦታ ላይ ሊይዘው እንደሚችል ይታወቃል። ዶክተር ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ያንን ቦታ ማየት ብቻ ነበር። ነቀርሳውን ራሱን አንነካም፤ ፕሮቲኑን የመሥራቱን ትእዛዝ ለማይጎዳ ባክቴሪያ ሰጥተን እሱን በብልቃጥ እናረባለን። ከዚያ ባክቴሪያውን ሰባብረን፣ አጣርተን፣ ደግመን አጣርተን፣ መጨረሻ ላይ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይቀረናል። የሳምንት ልፋት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

አንድ ፕሮቲን ብቻውን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ራጅ አያሳየውም። ብዙ ሚሊዮን ሆነው፣ እንደ ጡብ ተደርድረው አንድ ክሪስታል ሲሆኑ ግን ጨረሩ በሥርዓት ይበታተናል፤ ከተበታተነው ነጠብጣብ ተነስቶ ቅርጹ በስሌት ይወጣል። ስሌቱን እኔ አላውቀውም። የኔ ሥራ ጡቡ እንዲደረደር ማባበል ነበር።

በስስ ብርጭቆ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የፕሮቲን ጠብታ ታስቀምጣለህ፤ የሷኑ ያህል ጨዋማ ውኃ ትጨምርባታለህ። ብርጭቆዋን ባንድ ትንፋሽ ገልብጠህ፣ ጠብታዋ ወደ ታች እንደተንጠለጠለች፣ ሃያ አራት ጉድጓድ ካላት የፕላስቲክ ሳህን አንዱን ጉድጓድ ትከድንባታለህ። ጠርዙ በግሪስ ይታሸጋል። ከጉድጓዱ ሥር ይበልጥ ጨዋማ ውኃ አለ፤ እሱ የጠብታዋን ውኃ በእንፋሎት ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይስባል። ጠብታዋ ሳትቸኩል ከወፈረች ፕሮቲኖቹ ይደረደራሉ። ከቸኮለች እንደ ተበላሸ ወተት ትቆራረጣለች።

ዶክተር ወይንሸት ሳህን ሲያዘጋጁ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። እስኪጨርሱ ማንንም አያናግሩም። የተዘጋጀች ሳህን ሰባት ቀን አትነካም፣ አትታይም። ሳህኖቹ የሚቀመጡበትን ክፍል «አራስ ቤት» ነበር የምንለው፤ ጎብኚ አይገባም፣ በር አይወረወርም። አንድ ጊዜ የያኔው ዳይሬክተር ኮትና ከረባት ያደረጉ እንግዶች አስከትለው መጡና «ክሪስታሉን እናሳያቸው» አሉ። ዶክተር በሩ ላይ ቆመው «ገና አምስተኛ ቀኗ ነው፤ እሑድ ይምጡ» ብለው መለሷቸው። እንግዶቹ የምር ሰው የወለደ መስሏቸው «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብለው ሄዱ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ደብተርና እርሳስ ይዘው ከጀርባዬ ይቆማሉ።

«ምን አየህ?»

«ባዶ።»

«ቀጥል።»

«ባዶ። ብናኝ። ባዶ። የተቆራረጠ። ባዶ።»

ሃያ አራቱንም ይጽፋሉ። ገና በመጀመሪያው ሰሞን ደስ ይበላቸው ብዬ አንዷን ጠብታ «ክሪስታል ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ቶሎሳ፣ የምትመኘውን አልጠየቅኩህም። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።» ቀና ብለው ራሳቸው አዩት፤ ከጋውኔ የወጣ ክር ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ የምመኘውን ተናግሬ አላውቅም።

ስድስት ዓመት «ባዶ» ጻፉ። ጨው እየለወጥን፣ ሙቀት እየለወጥን፣ ደብተር በደብተር ላይ ተከመረ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፤ እኔ አሁንም «ባዶ» እላለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን አሥራ ሰባተኛዋ ጉድጓድ ላይ ስደርስ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ደግሜ አሽከረከርኩ።

«ምን አየህ?»

«ክሪስታል።»

አልሮጡም፣ አልገፈተሩኝም። «ስንት ጎን አለው?» አሉ።

«ስድስት።»

«ጠርዙ?»

«የጠራ።»

«ስንጥቅ?»

«የለውም።»

ሁሉንም ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው ጎንበስ ብለው ያዩት። ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ቀና ሲሉ የማይክሮስኮፑ መነጽር በእንባ ርሶ ነበር፤ የወለወልኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከወለወልኩት ሁሉ እሱን አልረሳም።

እዚያች ሳህን ላይ አራት ክሪስታል ተገኘ። በዚያ ጊዜ ክሪስታል የሚላከው እንደ ክር በቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ፣ ከገዛ ፈሳሹ ጋር ገብቶ፣ ቱቦዋ በሁለቱም ጫፍ በሰም ታሽጋ ነበር። ትልቁ የራጅ ማሽን ያለው ባሕር ማዶ ነው። ሦስቱን ላክናቸው። የመላኪያው ቅጽ «የዕቃው ዋጋ» ይላል፤ ዶክተር ብዙ አስበው ሰረዝ አደረጉበት። አራተኛዋን ቱቦ በጥጥ ጠቅልለው በክብሪት ቀፎ ከተቱና ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። «ይቺ ለዓይኔ ናት» አሉኝ።

የመጣው መልስ ደብዛዛ ነበር። የፕሮቲኑ አካል ይታያል፤ መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ ግን ጭጋግ ነው። የተሻለ ክሪስታል ያስፈልጋል ተባለ። ስለዚህ ቀጠልን።

ከሚረዱን ዘዴዎች አንዱ የፈረስ ጭራ ነበር። ክሪስታሉን በአንድ የጭራ ፀጉር ነካ ታደርግና በዚያው ፀጉር አዲሷን ጠብታ ጫር ታደርጋታለህ። ከፀጉሩ ላይ የቀሩት ለዓይን የማይታዩ ስባሪዎች ዘር ይሆናሉ፤ አዲሶቹ ክሪስታሎች በጫርክበት መስመር ላይ ይበቅላሉ። ፀጉሩን እንዳመጣ የተላክሁት እኔ ነኝ። ላፍቶ ወርጄ አንድ ባለጋሪ ለመንኩ።

«ለምንህ ነው?» አለኝ።

«ለራጅ ሥራ ነው።»

«ፈረሴን ራጅ ልታነሳው ነው? ምን ሆነብኝ?»

«ምንም አልሆነም። ፀጉሩን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ አሥር ዘለላ ነቅሎ ሰጠኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ፈረሱ አንገት ላይ አዲስ ክታብ ታስሮበታል።

በኋላ ደግሞ ክሪስታሉን አቀዝቅዞ መላክ መጣ። ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ናይትሮጅን የምናገኘው ላም ከሚያዳቅሉ ሰዎች ነበር፤ እነሱ የኮርማ ዘር፣ እኛ የነቀርሳ ፕሮቲን፣ ባንድ ዓይነት በርሜል እንይዛለን። ያጎቴ ልጅ ላሙ በቀጠሮ ሳትጠቃ ስትቀር ናይትሮጅኑን እናንተ ጨረሳችሁት እያለ በኔ ነው የሚፈርደው።

አሁን ስለ ክፍቷ ሳህን ልናገር። ከመጀመሪያው ክሪስታል በኋላ ዶክተር አንድ ልማድ አመጡ። አዲስ ሳህን ሊያዘጋጁ ሲሉ ክሪስታል ከበቀለባቸው አሮጌ ሳህኖች አንዷን ያወርዱና ክዳኖቿን ገልጠው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ ሳህኗ እዚያው ክፍቷን ትቀራለች፣ ደርቃ ጨው ትሆናለች። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ያላቸው ሰው ክዳን መክደን ይረሳሉ ብዬ በሆዴ እስቅ ነበር። «ዶክተር፣ ይቺን ልጣላት?» ስላቸው «ተዋት» ብቻ ይሉኛል። እኔም ጠረጴዛውን ወልውዬ ሳህኗን ወደ ጥግ እገፋታለሁ። በዓመታት ውስጥ ጥጉ የደረቁ ሳህኖች ቁልል ሆነ። ለምን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ክሪስታሎቻችን ግን ከዓመት ዓመት እየጠሩ ሄዱ። ዶክተር ጡረታቸውን አራዝመው፣ ደግመው አራዝመው፣ በመጨረሻ ሊወጡ ሲሉ በብዙ ደጅ ጥናት ትልቁ ማሽን ላይ ተራ ተገኘልን። ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ትልልቅ ክሪስታል አሳድገን እንልካለን። ላቦራቶሪውን የተረከበችው ዶክተር ሕሊና ነበረች፤ በዕድሜ ልጄ፣ በሥራ አለቃዬ። ዶክተር ወይንሸት በሩ ላይ ቆመው የሰጡኝ አደራ አጭር ነበር። «እኔ አላየሁትም። እናንተ እዩልኝ።»

በዚያው ዓመት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አዲስ ሕንፃ ተሰጠንና እንድንዛወር ታዘዝን። ቤት ሲለቀቅ ተጠርጎ ነው የሚለቀቀው፤ አዲስ ቤት ደግሞ በአሮጌ ቆሻሻ አይገባበትም። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ዶክተር ሕሊና ለስብሰባ ወጥታ ስለነበር ሥራውን ሁሉ ለኔ ትታልኛለች። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የጥጉን ቁልል፣ መደርደሪያው ላይ ከቀሩት አሮጌ ሳህኖች ጋር፣ በጆንያ አድርጌ አቃጣይ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። መደርደሪያውን በበረኪና አጠብኩ። ፈሳሽ የምንመጥባቸውን ፒፔቶች ፈታትቼ፣ ብልቃጦቹን ቀቅዬ፣ የጭራውን ፀጉር እንኳ ሳይቀር በሳሙና አጠብኩ። አሮጌ ጋውኖችን አስወገድኩ። አዲሱ ላቦራቶሪ ስንገባ ያበራ ነበር። ዶክተር ሕሊና «ጋሼ ቶሎሳ፣ ሆስፒታል አደረግከው እኮ!» አለችኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

የመጀመሪያው ስምንተኛ ቀን፣ ሃያ አራቱም ባዶ። ሁለተኛው፣ ባዶ። አዲስ ቤት ነው፣ ይለምዳል አልን። በሦስተኛው ወር ፕሮቲኑን እንደገና አጣራን። በአምስተኛው ውኃውን ለወጥን፣ በሰባተኛው ጨዉን። ቁጥሩ ሁሉ ከድሮው ደብተር ጋር ልክ ነው። ከመንገዱ የሚመጣ ንዝረት ይሆን ብለን መደርደሪያውን ከፍራሽ ላይ አስቀመጥነው። ባዶ። ብናኝ እንኳ የለም። ዓመቱ ደርሶ የማሽኑ ተራችን አለፈ፤ የምንልከው አልነበረንም። ዶክተር ሕሊና ሌላ ተራ ለመነችና ሰጧት፤ «የመጨረሻ ነው» ከሚል ቃል ጋር፣ ስድስት ወር።

በዚያን ዓመት ዶክተር ወይንሸትን አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። ሲደውሉ «እየሠራን ነው» እላለሁ። አፍሬ ነው። የሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በእጄ ላይ ተሰጥቶኝ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፣ ባለቤቴን በረባ ባልረባው እቆጣ ጀመር። በመጨረሻ «ሂድና ንገራቸው፤ ወይ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ነፋስ ስልክ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የጨዉን ልክ አልጠየቁኝም፣ የሙቀቱንም። ያነሱት አንድ ነገር ነው።

«ጥግ ላይ የነበሩት ሳህኖችስ?»

«ጣልኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አቃጠልኳቸው።»

«ጠረጴዛውንስ?»

«በበረኪና አጠብኩት። መደርደሪያውንም፣ ፒፔቱንም… ዶክተር፣ ምንም የቀረ ቆሻሻ የለም።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ክፍት ሳህን ስትደርቅ የክሪስታሉ ዱቄት ክፍሉ ውስጥ ይበናል። አየሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጋውናችን ላይ ያርፋል፤ አዲሷ ጠብታ ሳትከደን በፊት አንዲት ፍሬ ትገባባታለች። ፀጉሩ በግልጽ የሚዘራውን አየሩ በስውር ይዘራልን ነበር። አባቴ ለዘር የሚሆነውን ሽምብራ በቅል አድርጎ ጣሪያ ሥር ይሰቅለው ነበር፤ በክፉ ቀን እንኳ እናቴ ወደዚያ ቅል ቀና ብላ አታይም። የገበሬ ልጅ ሆኜ ዘሩን ጠርጌ ደፋሁት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«አፍሬ ነው» አሉ ዶክተር ወይንሸት። «እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ቀን ሳህን ከፍቼ ረሳሁና በሳምንቱ ብዙ ክሪስታል በቀለ። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ አደረግኩት። ግን በምን አረጋግጬ ልጻፈው? ሰው ‹ዶክተሯ ጥንቆላ ጀመረች› ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሁሉን ጻፍ እያልኩ ያስተማርኩህ እኔ፣ እሱን አልጻፍኩም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ ቶሎሳ።»

ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ የክብሪት ቀፎዋን ይዘዋል።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ማይክሮስኮፑ ዙሪያ ነበርን። በቱቦዋ ውስጥ ያለችው ክሪስታል ከሃያ ዓመት በላይ በቁምሳጥን ኖራ ጫፎቿ ሟሙተዋል፣ ልቧ ግን አለ። ባሕር ማዶ የላክናቸው ሁሉ በጨረሩ ተበላሽተው ስላለቁ የዓለም ብቸኛዋ ዘር እሷ ነበረች። ካልበቀለች የፕሮቲኑ ተስፋም፣ የዶክተር ማስታወሻም፣ ሁለቱም ባንዴ ያልቃሉ። ቱቦዋን መስበር የኔ ሥራ ነው፤ እኔ ግን መልሼ ጥጡ ላይ አኖርኳት።

«ዶክተር፣ ሌላ መንገድ እንሞክር። ይቺ ለዓይንዎ ናት ብለዋል።»

«ሃያ ዓመት አየኋት፤ ጠገብኳት» አሉ። «ስበራት።»

ሰበርኳት። ክሪስታሏን በጨዋማ ውኃ ጠብታ ውስጥ አስገብቼ በብርጭቆ ዘንግ ጫፍ ጨፈለቅኳት። ድምፅ የላትም፤ እኔ ግን የሰማሁ መሰለኝ። ያጠብኩትን የፈረስ ጭራ በዱቄቱ ነክሬ አርባ ስምንት ጠብታ ጫርኩ። ዶክተር ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተው፣ ሳይናገሩ እስከ መጨረሻዋ ቆሙ። ባዶዋን ቀፎ ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ሄዱ።

ሰባቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። በስምንተኛው ቀን ገና ማይክሮስኮፑ ላይ ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ።

«ምን አየህ?»

«ዶክተር፣ ገና ነኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

ስልኩን ዶክተር ሕሊና ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ባዶ ናት። «ባዶ» አልኩ። ሁለተኛዋም ባዶ። በሦስተኛዋ ላይ፣ ፀጉሩ ባለፈበት መስመር፣ በጤፍ ማሳ ላይ ቡቃያ እንደሚወጣ ብቅ ብቅ ብለዋል።

«ክሪስታል» አልኩ። «አንድ፣ ሁለት… አሥራ አንድ። ባለ ስድስት ጎን።»

ከወዲያ በኩል የሰማሁት የእርሳስ ድምፅ ነው፤ ቤታቸው ሆነው እየጻፉ ነበር።

ክሪስታሎቹ በተራችን ደረሱ። የመጣው ምስል የጠራ ነበር፤ መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ፣ ያ ጭጋግ የነበረው፣ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዶክተር ሕሊና አትማ ይዛላቸው ሄደች። ዶክተር ወይንሸት ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ይኸውና፣ እህቴ» ብቻ አሉ። መድኃኒቱ ገና ነው፤ ሌሎች እየሠሩበት ነው። በታተመው ጽሑፍ ላይ ስሜ ሦስተኛ ነው፤ በሰባት ውኃ ያለቀልቅ ለነበረ ሰው ይህ ብዙ ነው። ሰው በሥራ ዓለም አንድ እንደሳቸው ያለ አለቃ ካገኘ አልጎደለበትም። እኔ አግኝቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ከሽኝቴ በኋላ ዶክተር ሕሊና በድሮው ዘዴ፣ በቱቦ አሽጋ አንዲት ክሪስታል ሰጠችኝ። የዚያችው የልጅ ልጅ ናት። ቤቴ አላስገባኋትም፤ ቀጥታ ወደ ነፋስ ስልክ ወሰድኳት። የዶክተር ዓይን አሁን ደክሟል፤ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። የክብሪት ቀፎዋ አልጋቸው አጠገብ ነበረች፣ ጥጡ እንዳለ። ቱቦዋን ቀፎው ላይ ሳኖራት ጣታቸውን አስከትለው ዳሰሷት። የአዲሷን ልጅ ጥያቄም ነገርኳቸው፣ እንዴት ቻላችሁት ያለችውን። ሳቁ። ከዚያ እንደ ወትሮው ከጀርባዬ የቆሙ ያህል ድምፃቸውን አስተካከሉ።

«ምን አየህ?»

ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አነሳኋት። «አንድ ክሪስታል። ስድስት ጎን።»

«ጠርዙ?»

«የጠራ።»

«ስንጥቅ?»

«ጫፏ ላይ ትንሽ አለ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፍቷን ሳህን የጻፋት ሰው አለ?»

«የለም፣ ዶክተር።»

«እኔ አፍሬ ተውኳት። አንተ ጻፋት» አሉኝ። «የምትመኘውን አይደለም። ያየኸውን ብቻ።»

ያየሁት ይህ ነው።